አካፋ ያጠብንበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እንደበላን ልጄ ሳሮን ላፕቶፗን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። ሌላ ጊዜ ከእኔ ጋር ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ የምትፈልገው ነገር ሲኖር ግን አማርኛዋ ማር ማር ይላል።

«ዳዲ፣ አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ» አለችኝ።

አንድ ቃል ብቻ የሚባል ነገር እንደሌለ በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ። መነጽሬን አደረግሁ። መምህሯ ሰንጠረዥ ሰጥተዋቸው ኖሯል፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ቋንቋ ሁለት ክፍት ቦታ ይሞላል። አንደኛው፣ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ነገር ምን ይባላል? ሁለተኛው፣ ሰው ያልሠራው ሁሉ፣ ዛፉም ዝናቡም፣ በጅምላ ምን ይባላል? ዙሉ ተናጋሪ ጓደኞቿ አንደኛው ላይ «ኡቡንቱ» ብለው ሞልተው ወዲያው ምሳቸውን ሊበሉ ሄደዋል። የእኔ ልጅ ክፍት ቦታዋን ይዛ እቤታችን ሮዘተንቪል ድረስ መጣች።

«ስልኩ ሰውነት ይላል» አለችኝ።

«ሰውነትማ ገላሽ ነው። ሰውነቴን አመመኝ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

«እሺ፣ ሰብእና?»

«እሱን ጋዜጠኛ ነው የሚናገረው። እቤት ቁጭ ብሎ ሰብእና ሲል የሰማሁት ሰው የለም።»

«ሰብአዊነትስ?»

«እሱ ደግሞ የእርዳታ ስንዴ ከረጢት ላይ ነው የሚጻፈው።»

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ» ብላ ሳቀች።

እውነቴን ነበር። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። እኔ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በሀዲይኛ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ጀመርኩት፣ የእኛ ሰው ሱቅ በሞላበት ገበያ፣ ጀፕ ላይ ጨረስኩት። ጀፕ ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምሸጥበት ፎቅ ውስጥ በስተቀኜ ስልጤ፣ በስተግራዬ ከምባታ፣ ከላዬ ወላይታ አለ፤ ሁላችንም የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ ሁላችንም ከቤታችን ያላመጣነው ቋንቋ ነው። እንዲህ ዓይነት ቋንቋ ለዋጋና ለቀልድ፣ ለሰላምታና ለጸሎት ግሩም አድርጎ ያገለግላል። ሰውን ሰው የሚያሰኘው ነገር ምንድን ነው ሲባል ግን ኪስ ገብቶ ባዶ እጅ እንደማውጣት ነው። ኡቡንቱ የሚባለውንም ቢሆን ዛሬ በየቲሸርቱ ይጽፉታል፣ በየስብሰባው መክፈቻ ይጠሩታል፣ አየር ማረፊያ ውስጥ በኩባያ ላይ ይሸጡታል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ነገር እንዲህ በርካሽ ሲሸጥ እጠረጥራለሁ።

«ሁለተኛውን ግን ያለ ችግር እነግርሻለሁ፤ ተፈጥሮ ነው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና መነጽሬን አወለቅሁ። ሳሮን ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው?» አለች። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን ነው የምጽፈው።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የአጎቴ ልጅ አበራ ከእኔ ቀድሞ መጥቶ ጻካኔ ውስጥ፣ ብራክፓን አጠገብ፣ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሱቅ ስል ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ የአንዲት አሮጊት የመኪና ጋራዥ ነው። ፊት ለፊቱ መስኮት ተከፍቶለት በወፍራም ብረት ታጥሯል፤ ከብረቱ ሥር ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ከፊት እንሸጣለን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ እንተኛለን፣ ከአልጋችን ሥር ድንችና ሽንኩርት እናስቀምጣለን። እስከ ዛሬ የሽንኩርት ጆንያ ሲሸተኝ እንቅልፌ ይመጣል።

አበራ ሕግ ነበረው። ማክሰኞና ዓርብ አንዳችን በታክሲ ጀፕ ሄደን ዕቃ እናመጣለን፤ ከዚያ ውጭ ማንም ከበር አይወጣም፣ ሰው ቤት አይገባም፣ ሰውም አይገባብንም። «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር። «ሸጠህ ተኛ። ፍቅራቸውም ጠባቸውም ይቅርብን።» አልፈርድበትም። ሌላ ሰፈር የነበረውን የመጀመሪያ ሱቁን በየቀኑ ዳቦ ይሸጥላቸው የነበሩ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሲዘርፉት ጣሪያ ላይ ተኝቶ ያየ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያየው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ብቻ ሆነ፤ እኔንም ያንኑ አስለመደኝ።

ስም አልነበረንም። ሰፈሩ በሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚለን። አበራም ማይ ፍሬንድ ነው፣ እኔም ማይ ፍሬንድ ነኝ፣ ሱቁም ማይ ፍሬንድ ነው። እናት ልጇን «ሩጪ፣ ከማይ ፍሬንድ ስኳር አምጪ» ብላ ትልካለች። መጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዳጄ ሲሉኝ የወደዱኝ መስሎኝ። ኋላ ሳጣራ ባንግላዴሹንም ሶማሌውንም እንዲያ ነው የሚሉት።

ስሜን የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የጋራዡ ባለቤት ጎጎ ቶኮ ይባሉ ነበር፤ ጎጎ አያት ማለት ነው። ታላቅ ወንድማቸው ከግቢው ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ሰፈሩ ማሉሜ ይላቸዋል፣ አጎቴ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት አትክልተኛ ሆነው ኖረው፣ አርጅተው ወደ እህታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት የለስላሳ ሣጥን ደፍተው ከመስኮታችን ሥር ይቀመጡና አንዲት ነጠላ ሲጋራ ይገዛሉ። አንዷን ሲጋራ እስከ እኩለ ቀን ያደርሷታል፤ ጥቂት ስበው ያጠፉዋታል፣ ከጆሯቸው ኋላ ይሰኳታል፣ ደግሞ ይለኩሷታል።

«ማይ ፍሬንድ ለውሻም ስም አይሆንም» አሉኝ አንድ ቀን። «እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?»

«ዳንኤል።»

«ዳንኤል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።

ዙሉኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም በአትክልታቸው። በአጥሩ ሥር ቆስጣና ዱባ፣ ጥቂት በቆሎም ተክለው ነበር። የዚህ አገር ዝናብ በበጋ ነው፤ ጻካኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል፤ በግማሽ ሰዓት ያበቃና ፀሐይ ትመለሳለች። ከእንዲህ ዓይነት ዝናብ በኋላ ነው፣ አፈሩ እየሸተተ፣ ማሉሜ በከዘራቸው ዱባውንም ሰማዩንም ውሃውንም አንድ ላይ አካበው «ይህ ሁሉ ኢምቬሎ ነው» ያሉኝ። ብቅ ማለት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ብቅ ያለ እንደማለት። «እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?»

ተፈጥሮ እንላለን፣ የተፈጠረ ማለት ነው አልኳቸው። ጢሱን ቀስ ብለው ለቀቁት።

«የእናንተ ቃል ባለቤቱን ያውቃል» አሉ። «የእኛ አያውቅም፤ ብቅ ሲል አየሁት ብቻ ነው የሚለው።»

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ደሜ ፈላ። እንዴት ያለ ፈጣሪ ብቅ ይላል ብዬ መከራከር ጀመርኩ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። «እኔም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ ልጄ። ግን ዱባው ሲወጣ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁትን ነው የምነግርህ።» ደግሞ ሌላ ቃል ጨመሩልኝ። ጠባይ፣ የሰው ምግባር፣ በዙሉኛ ኢሲሚሎ ይባላል፤ ስሙ ከመብቀል የመጣ ነው አሉኝ። ጠባይ ይበቅላል። «ይበቅላል እንጂ ራሱን አያጠጣም። ዱባ ራሱን ሲያጠጣ አይተህ ታውቃለህ?» እኔም ላለመሸነፍ «አመል ያወጣል ከመሃል» የሚለውን ተረት ተረጎምኩላቸው። ክፉ አመል ያለው ሰው ከሰው መሃል ይወጣል የሚለውን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሲገባቸው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ለሚያልፈው ለሚያገድመው ሲነግሩት ሰነበቱ። እንዲህ ከብረቱ ወዲያና ወዲህ ሆነን ስንጫወት ክረምቱ ገባ።

የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ነው። ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ ሰፈሩ ከሰል ያነዳል፣ የማዕድን ቁፋሮ አቧራ ከነፋሱ ጋር ይመጣል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ሣጥኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሳይመጣ ቀረ። ወደ ቀትር ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ግቢው ገቡ። ሻማ ልትገዛ የመጣች ልጅ ናት ማሉሜ በእንቅልፋቸው እንዳለፉ የነገረችኝ። ሻማውን በቀዳዳዋ አቀበልኳት፣ ሌላም ደንበኛ አስተናገድኩ፣ ከዚያ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቼ ሽንኩርቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እዚህ አገር ቀብር የሚሆነው ቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ምሽት ምሽት ጎረቤት ተሰብስቦ ይዘምራል፣ ይጸልያል፣ ሴቶቹ ድስት ይጥዳሉ፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ከመስኮታችን አሥር እርምጃ ላይ ነው። አበራን «ሄጄ ልድረስ» አልኩት።

«የት? አብደሃል?» አለኝ። «ስንት የማናውቀው ሰው በሚጎርፍበት ሳምንት በር ከፍተህ? ይልቅ ደህና ዕቃ እንላክላቸው።»

እንዲያው እውነቱን ልናገር፤ እፎይ አልኩ። ፈርቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምገባ፣ የት እንደምቀመጥ፣ ማን እንደሚያፈጥብኝ አላውቅም ነበር፤ አበራ ከልክሎኝ አረፍኩ። ሁለት ትልልቅ የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ዘይት፣ ሻማ፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት አዘጋጀን። ስስት አልነበረብንም። የጎን በሩን ጆንያው እስኪያልፍ ብቻ ከፈት አድርገን የጎረቤት ጋሪ ላይ ጫንነውና ላክነው። አበራ በሩን ዘግቶ እጁን አራገፈ። «በቃ፣ ወጉን አደረስን» አለ።

ቅዳሜ እንደወትሮው ማለዳ ከፈትን። ለቀብር የመጣው እንግዳ ብዙ ነበር፤ ገበያው ደራ። አንድ ሰው ለስላሳ ጠይቆኝ ጠርሙሱን በቀዳዳዋ ሳቀብለው በትከሻው ላይ አሻግሬ የሬሳ ሣጥኑ ሲወጣ አየሁ። ማሉሜ በእኔ መስኮት ፊት አለፉ። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ጠርሙሱን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ጎጎ ቶኮ ጋሪ እየገፉ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ሻርፓቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል። ጋሪው ላይ የላክነው ሁሉ እንዳለ ነበር፤ ዱቄቱ አልተፈታም፣ ሻማው ከነወረቀቱ ነው። ዙሉኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ፣ እንዲገባን ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ይህን ሱቁ ልኮልኛል። ደግ ሱቅ ነው። መልሱለት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ግቢዬ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች የሚኖሩ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሩን ሳይ ነበር። ወንድሜ የሚውለው ከእናንተ ጋር ነው፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁት ነበር። ማታ ማታ ሰው በገባ ቁጥር እነሱ ናቸው እል ነበር።»

ጋሪውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረጉት።

«ወሩ ሲያልቅ ጋራዡን እፈልገዋለሁ» አሉና ጋሪውን እዚያው ትተው ሄዱ።

አበራ ነገሩ ኪራይ ጨምሩ ማለት መሰለው። ስንት እንጨምር እያለ ማሰላሰል ሲጀምር እኔ መታገሥ አቃተኝ። «አበራ» አልኩት፣ «እኛ አገር ለቅሶ ቤት ቀርቶ እህል የላከ ሰው ምን ይባል ነበር?»

ሒሳቡን ተወው። ያውቀዋላ። ልጆች ሳለን አንድ ሀብታም ጎረቤታችን ለቅሶ ሳይመጣ አንድ ጆንያ ስንዴ በልጁ አስይዞ ላከ፤ እስኪሞት ድረስ ሰዉ «በጆንያ የሚያለቅሰው» ይለው ነበር። አባቴ ከቅርብም ከሩቅም ሰው ሞተ ሲባል እርፍ ጥሎ የሚነሳ ሰው ነበር። የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ፣ ሕጉን አብጠርጥሬ እያወቅሁ፣ አሥር እርምጃ መሄድ አቃተኝ። የእሳቸውና የእኛ ሕግ አንድ ነው። የረሳነው እኛ ነን። ጋራዡ ሊሄድ ነው፣ እንጀራችን ሊሄድ ነው፤ እኔን ግን ያንን ጠዋት ያቃጠለኝ ያ አልነበረም። አንዲት አሮጊት ሰው መስሎኝ ነበር ብላኝ ሄዳለች፤ ልክ ናት።

በአገሬ ደግሞ የዘገየ ሰው መንገድ አለው። ቀብር ላይ ያልደረሰ ሰው በወሩም በዓመቱም ይምጣ፣ ከግቢው በር ጀምሮ ድምፁን አሰምቶ እያለቀሰ ይገባል፤ ቤተኛውም ተነስቶ አብሮት ያለቅሳል፤ ከዚያ ይቀመጣል፣ ዘገየህ የሚለው የለም። ረቡዕ ቀትር ላይ ያለኝን አንድ ኮት ለበስኩና አበራን ልሄድ ነው አልኩት። ሊከለክለኝ አፉን ከፈተ፤ ጋሪውን አየና ተወው።

በጎን በር ወጥቼ በጓሮ መግባት እችል ነበር። ለቅሶ ግን በዋናው በር ነው የሚገባው ብዬ በመንገዱ ዞርኩ። የብረቱ በር ላይ ስቆም ድምፅ እምቢ አለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ተስፋ እንጂ ዋይታ አላስተማረችንም፤ ከልጅነቴ ወዲህ ጮኼ አልቅሼ አላውቅም። «ማሉሜ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ላይ ተከፈተልኝ። ደረቴን እየመታሁ በሀዲይኛ አለቀስኩላቸው። ስሜን መጠየቃቸውን፣ ዱባቸውን፣ ከጆሯቸው ኋላ የምትሰካውን ሲጋራ እያነሳሁ አለቀስኩ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ያላለቀስኩት ሁሉ አብሮ መጣ።

አይ ጉድ። እኔ ወግ ማድረሴ ነው፤ ሰፈሩ ግን አዲስ ሰው የሞተ መሰለው። ውሻ ሁሉ ጮኸ። ሴቶች ማማሰያና ፎጣ እንደያዙ ከየቤቱ ወጡ፤ አንዷ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ጮኸች። አንድ ጎልማሳ ዱላ ይዞ መጣ፤ የተዘረፍን መስሎት ነው። ጎጎ ቶኮ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ አድርገው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ብቅ አሉ። ደርባን የምትኖር ልጅ ነበረቻቸው፤ ስለ እሷ የመጣ መርዶ መስሏቸዋል።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማሉሜ» አልኳቸው።

«ማሉሜማ ከተቀበረ ሰነበተ!»

«አዎ፣ ጎጎ። ዘግይቼ ነው።»

አንዷ ሴት ፎጣዋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። እኔ በተሰባበረ ዙሉኛ፣ እኛ አገር የዘገየ ሰው ከበር ጀምሮ አልቅሶ ነው የሚገባው ብዬ አስረዳሁ። ኋላ ነው የተነገረኝ፤ እነሱ ጋ ከመቃብር የተመለሰ ሰው በር ላይ እጁን ታጥቦ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዋይታ መቀስቀስ ነውር ነው። ነውሩን ፊት ለፊታቸው ሠርቼ ቆሜያለሁ። ጎጎ ቶኮ የበሩን ብረት ይዘው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ ሲያበሉ፣ ድስት ሲያዙ፣ የሚያለቅሱበት ጊዜ እንዳላገኙ ያጫወቱኝ ከዓመት በኋላ ነው። እጅጌዬን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሴቶቹም ወደየድስታቸው ተመለሱ።

ሲረጋጉ «በቋንቋህ ምን እያልክ ነበር?» አሉኝ።

«በስሜ ይጠሩኝ ነበር እያልኩ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እናንተ ኡቡንቱን ምን ትሉታላችሁ?»

እንግዲህ ያኔም ተጠይቄአለሁ፤ ያኔም በወጉ አልመለስኩም። እናቴ ሰው ስታመሰግን በሀዲይኛ «መንቾ ነው»፣ ሰው ነው ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። በአማርኛው ደግሞ ሰውነት አልኳቸው፤ ግን እኛ እንዲህ የምንለው ይህን ነው ብዬ ክንዴን ጨበጥኩ። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

«መጥፎ ቃል አይደለም» አሉ። «የእኛም ቢሆን እግር ከሌለው በር አይደርስም።»

ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ቆስጣ በሳህን አቀረቡልኝ። ቆስጣው ማሉሜ የተከሉት ነበር፤ ብርዱ ዳር ዳሩን አቃጥሎት መረር ብሏል። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በሰው ቤት የበላሁት የመጀመሪያ ምግብ ነው፤ ሳህኑን በእንጀራ እንደምንጠርገው በፓፕ ጠረግሁት። ልነሳ ስል «የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አካፋ እናጥባለን። ኑ» አሉኝ። ስለ ጋራዡ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ።

አካፋ ማጠብ እንዲህ ነው። መቃብሩ የተቆፈረበት መሣሪያ ከነአፈሩ ይቀመጣል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የቆፈሩት ሰዎች ተሰብስበው ያጥቡታል፤ የሀዘኑ አንዱ ምዕራፍ በዚያ ይዘጋል። ቅዳሜው ደግሞ ከጋራዡ የምንወጣበት ሳምንት ነበር። አበራ ሌላ ቤት እያፈላለገ ሰንብቶ ነበር፤ ግማሹን ዕቃ በካርቶን አስረናል። በዚያች ጠዋት ግን ማንም ሳይነግረው ተነስቶ የመስኮቱን መዝጊያ ጎትቶ ቆለፈ። ቅዳሜ፣ ያውም የወር መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ደመወዝ በተቀበለበት ቀን። «ምን ታየኛለህ? ሂድ እንጂ» አለኝ።

አካፋዎቹ በግድግዳው ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀዩ አፈር ደርቆባቸዋል። የቆፈሩት ወጣቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አነሱ። እኔና አበራ እጃችንን የምናስገባበት አጥተን ዳር ቆምን። ሲፖ የሚባል የጎጎ የልጅ ልጅ ነበር የሚያከፋፍለው፤ ጉልበተኛ፣ እኛን ብዙም የማይወድ ልጅ። አንዲት አካፋ ተረፈች። የማሉሜ የራሳቸው፣ አትክልት የሚኮተኩቱባት ነበረች።

«ለዳንኤል ስጠው» አሉ ጎጎ ቶኮ ከወንበራቸው ላይ ሆነው።

ሲፖ አካፋዋን እንደያዘ ዞረ። «አልቆፈረም» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ አየ። እውነቱን ነው። እነሱ በውርጭ ሲቆፍሩ እኔ ለስላሳ ስሸጥ ነበር። መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር።

«አልቆፈረም» አሉ ጎጎ ቶኮ። «አልቅሷል። ስጠው።»

ሰጠኝ። ሳፋው ላይ ጎንበስ አልኩ፤ አበራ ውሃውን በጆግ ያፈስልኝ ጀመር። ውሃው በረዶ ነበር። አፈሩ ጠንክሮ በጨርቅ አልለቅ ሲለኝ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ኮቴ እስከ ክርኔ ራሰ። እንባዬም ወረደ፤ ግን ያኔ ማንም ልብ አላለው። ሲፖ የራሱን ጨርሶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና በጩቤው ጫፍ እጀታው ሥር የቀረውን አፈር አወጣልኝ። አብረን በላን፣ አንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጥን።

ሰኞ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ጎጎ ቶኮ ሣጥኑን ደፍተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አበራ እጁ ላይ ካርቶን ነበር። ቀና ብለውም አላዩን።

«ዳንኤል፣ ዳቦ» አሉ። «ትኩሱን።»

ካርቶኖቹን ፈታን። እዚያ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆየን። አበራ አሁን አገር ቤት ገብቷል፤ ስንደዋወል ያቺን ቅዳሜ ሳያነሳ ስልኩን አይዘጋም። እኔ እዚያ ሆኜ አገባሁ፣ ሳሮንን ወለድኩ፤ መጀመሪያ ያዘሏት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጎጎ ቶኮ ናቸው። እሳቸው ሲያርፉ ከሲፖ ጋር የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልዘገየሁም።

ሳሮን ይህን ሁሉ ስነግራት ላፕቶፗ ጨልሞ ነበር። ነካ አድርጋ አበራችው። ሰንጠረዡ መጣ፤ ተፈጥሮ ተሞልቷል፣ ከላዩ ያለው እንደተከፈተ ነው።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

አሁንስ መልሱ ነበረኝ። «እኛ ይህን ነገር በስም አንጠራውም» አልኳት። «አንድ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ሳለ ሌላ ሰው መስመር ያስይዘዋል። በኋላ ሲጠየቅ እገሌ ሰው አደረገኝ ይላል። ጀፕ ላይ ስንቱ ሲለው ሰምቻለሁ። በራሴ ሰው ሆንኩ የሚል ካለ ጉረኛ ነው።»

«ዳዲ፣ ይሄ እኮ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ቃል ነው የተባልነው።»

«ቦታው ከጠበበሽ አስፊው።»

ሳቀችብኝና መጻፍ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ጣቷን አቆመች። «እገሌ የሚለው ላይ ማን ልበል?»

«ጎጎ ቶኮ» አልኳት። «ጎጎ ቶኮ ሰው አደረጉኝ።»